የአያቴን ሳንዱቅ ከፈትነው፤ የድሮ የመሬት ወረቀት ሞልቶታል። ምን ላድርገው?

የሳንዱቁ ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አያቴ ያረፈው አምና ነው። ቤቱ አርሲ ነው፣ ከአሰላ ትንሽ ወጣ ብሎ። ሙት ዓመቱን አውጥተን እንደጨረስን አጎቶቼ ዕቃ መከፋፈል ጀመሩ። አንዱ አልጋውን፣ አንዱ ሬዲዮኑን ወሰደ። አክስቴ ምጣድ ሳይቀራት ጫነች። ለኔ የተረፈኝ ማንም ያልፈለገው የቆርቆሮ ሳንዱቅ ነው። ቁልፉ ስለጠፋ በመዶሻ ከፈትነው። ብር ይኖራል ብሎ ከቦ የቆመው ዘመድ ሁሉ አንድ በአንድ ተበተነ። ወረቀት ብቻ ነበር።

በጫማ ክር የታሰረ የግብር ደረሰኝ አለ። ክምሩ ጡብ ያክላል። ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ማህተም ያለበት የመሬት ስጦታ ወረቀት፣ ጫፍ ጫፉን አይጥ የበላው አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርም አለ። አያቴ አርበኛ ነበር። ከጣሊያን በኋላ ለአርበኞች መሬት ሲሰጥ አንድ ጋሻ እንደደረሰው ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያልሰማሁት መሬቱ ላይ ሰው ይኖርበት እንደነበር ነው። ደብተሩ ውስጥ የጭሰኞቹ ስም ተራ በተራ ተጽፏል።

ትልቁ አጎቴ «እሳት ለኩስበት» አለኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «አንድ ቀን መሬቱ ይመለሳል፣ እንዳትጥል» ይላል። እኔ ሁለቱንም አላመንኩም። አዲስ አበባ ይዤው መጥቼ ኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እንዳይበላሽ ብዬ አንዱን ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ላሚኔት አስደረግሁት። ሌላውንም ላስደርግ ስል አንድ ጓደኛዬ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰው ጠይቅ» አለኝ። ይኸው እየጠየቅሁ ነው። እንዴት ነው የሚቀመጠው? የሚቀበልስ አለ?

—

ጡረተኛዋ መዝገብ ቤት፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ሳንዱቁን ከበረንዳው አንሣ። ሁለተኛ፣ ላሚኔት የሚባለውን ነገር ተው። ማሽኑ ፕላስቲኩን በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀትህ የለም፣ ፕላስቲክ ነው ያለህ። ያቺን አንዷን እንዳለች ተዋት። ልላጣት ብለህ እንዳትታገል፣ ቀለሙን ይዞት ነው የሚነሣው።

እኔ 33 ዓመት አንድ የወረዳ መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፣ የሠራሁበትን ቤት ስም ማንሣት አልወድም። በ1980 ስቀጠር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረው ፋይል አንድ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተከምሮ አገኘሁት። መደርደሪያ የለውም። ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር፣ ቀልድ አይደለም። አለቃዬን ምን ላድርገው ብዬ ብጠይቀው «የፊውዳል ወረቀት ነው፣ ምን ያደርግልሻል» አለኝ። ባለሱቆች በኪሎ እየገዙ በርበሬ ይጠቀልሉበት ነበር። እኔ ራሴ አንድ ቀን ስኳር ገዝቼ ቤት ስገባ መጠቅለያው ላይ መሬት በደረጃ የሚከፋፈልበት «ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ» የሚል ዓምድ አየሁ። የግብር መዝገብ ገጽ ነበር። ስኳሩን ገልብጬ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ዛሬም አለኝ፣ ስኳር ስኳር ይላል፣ ጉንዳን ሁሌ ታገኘዋለች።

በ1983 ደግሞ ቢሮው ተሰብሮ ወንበሩም ጠረጴዛውም ተወሰደ። ወረቀቱን የፈለገው አልነበረም፤ ረግጠውት ነው የሄዱት። ሥራ ስንመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ መጥረጊያ መያዝ ነበር። ከጠረግሁት ውስጥ ስንቱ የሰው ታሪክ እንደነበረ አሁን ሳስበው ያመኛል። ያኔ ግን ጠረግሁት፣ ምን ይደረጋል።

ጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። አሁን ሁለት ወጣቶች አብረውኝ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የእድራችን አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ እናወጣለን። ወረቀት ያለው ሰው በፌስታል ይዞ ይመጣል። እኛ ፎቶ እናነሣለን፣ ስሙንና ከማን እንደወረሰው እንመዘግባለን፣ ዋናውን እዚያው ይዞት ይመለሳል። ብር የሚከፍለን የለም። የእድሩ ሊቀመንበር ሲፈቅዱልን አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቁን፣ «የድንበር ክርክር እንዳታመጡብኝ» አሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰው ብቻ መጣ። የመጣውም ለእድር መዋጮ ነበር። ሰዉ «ግብር ሊጭኑብን ነው» ብሎ ፈርቷል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንዲት አሮጊት የባላቸውን ኑዛዜ ይዘው መጡና የሰው ፍርሃት ለቀቀ ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ያወሩትን ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ፌስታሉን ይዞ ተነሣ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ።

የጫማ ክሩን አትፍታ። መጀመሪያ እንደታሰረ ፎቶ አንሣው። አያትህ ያሰሩበት ቅደም ተከተል ራሱ ወሬ አለው። የቱ ከየትኛው ጋር እንደተቀመጠ አንዴ ከበተንከው አይመለስም። ከዚያ ቀስ ብለህ ፍታና ከላይ ወደ ታች ቁጥር ስጥ። ቁጥሩን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጥግ ላይ ጻፍ፣ በእስክሪብቶ አይደለም። የዛገ ስፒልና ስቴፕል ካለ ሳትጎትት አውጣ። የተቀደደውን በፕላስተር እንዳትለጥፍ፣ ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። ጓንት ምናምን አያስፈልግህም። እጅህን ታጥበህ በደንብ አድርቅ፣ ይበቃል። ቡናህን ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ አንሣ። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ፍላሽ አይብራ። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጥ፣ ወረቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ኋላ የሚያይ ሰው እንዲያውቅ። እባክህ ደግሞ ያንን ወረቀት የሚያነጣ አፕሊኬሽን አትጠቀም። እኛ መጀመሪያ ላይ በሱ 40 ገጽ አነሣን። ሲያዩት እንዴት ያምራል! ነጭ በነጭ። በኋላ ሳስተውለው ሐምራዊው ማህተም ጠፍቷል። በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ ጠፍቷል። አፕሊኬሽኑ ቆሻሻ መስሎት አጥቦታል። ባለቤቱን ስንፈልግ ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ሄደዋል፣ ወረቀቱም አብሯቸው። ተራ ካሜራህ ይሻላል፣ ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ሆኖ ይታይ።

ቀን የሌለው ደረሰኝ ሲያጋጥምህ አትጨነቅ፣ እኔ የምጠቀምባት አንዲት ዘዴ አለች። ምን ምን ግብር እንደተከፈለ እይ። የትምህርት ግብር የመጣው በ1940 ነው። የጤና ግብር ደግሞ በ1951 አካባቢ ተጨመረ። አሥራት የቀረው በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ነው። እንግዲህ ደረሰኙ ላይ አሥራትና ትምህርት ኖሮ ጤና ከሌለ፣ ከ1940 እስከ 1951 መሀል ነው ማለት ነው። ሦስቱም ካሉ ከዚያ ወዲህ እስከ 1960። እኔ ይህችን ያወቅሁት ማንም አስተምሮኝ ሳይሆን ደረሰኝ ሲበዛብኝ ነው። ለወጣቶቹ ሳሳያቸው እንደ ጠንቋይ ነው ያዩኝ።

ጋሻ ሲል 40 ሄክታር ገደማ ነው። መለኪያው ቃላድ የሚባል ገመድ ነበር፣ መሬቱም «በቃላድ የተለካ» ይባላል። ሲሶ የሚል ካየህ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው አራሹ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚሰጠው ድርሻ ነው። ሌላው በምኒልክ ጊዜ መሬት ሲለካ ለአገሬው ባላባት የተተወው ሦስተኛ እጅ ነው። ከዐረፍተ ነገሩ ለይ።

ለአጎትህ ልጅ ንገረው፣ በዚህ ወረቀት የሚመለስ መሬት የለም። የካቲት 1967 በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ተብሏል። ወረቀቱን የምናስቀምጠው ለክስ አይደለም። ይህን መጀመሪያ ቤተሰብህ ይስማው፣ አለዚያ አንድ ቀን የሆነ ደላላ መጥቶ «ካሳ አስከፍላችኋለሁ» ብሎ ዋናውን ይወስድባችኋል። እኛ ሰፈር ሆኗል።

የሚቀበልህ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ሄደህ ጠይቅ። ዋናውን የምትሰጥ ከሆነ ዝርዝሩን በሁለት ኮፒ አዘጋጅተህ በደብዳቤና በፊርማ አስረክብ። ያለ ሞዴል 19፣ ያለ ዕቃ መቀበያ ደረሰኝ ማለት ነው፣ የገባ ዕቃ እንዳልገባ ይቆጠራል እንል ነበር፣ በሥራ ዘመኔ እውነት ሆኖ ያገኘሁት አባባል ይህ ነው። የኔን ምክር ከጠየቅህ ግን ደረቅ ቦታ ካለህ ዋናውን ለጊዜው አንተ ጋ አቆየው፣ ፎቶውን ስጣቸው። ፎቶውንም አንዱን ስልክህ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ አድርግ።

የጭሰኞቹን ስም ግን ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፍ። እዚህም ቢሆን። ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፣ እዚያው ነው ያሉት።

—

የዳሞት ልጅ፦

እማማ፣ እጅዎን ይባርክልን። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ወረቀት ወረቀት ስንል እኛን ጎጃሞችን ረሳችሁን። እኛ አገር መሬት በቃላድ አልተለካም። መዝገቡ ሽማግሌ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ያቀናው አቅኚ አባት ይባላል። ከሱ ሥር ምንዝር አባቶች አሉ። አንተ ከአንዱ ምንዝር አባት መውረድህን በአባትህም በእናትህም በኩል ቆጥረህ ካስረዳህ ድርሻ ትጠይቃለህ። ስለዚህ ክርክር ሲነሣ የሚፈለገው ወረቀት የያዘ ሰው አይደለም፣ ስም የሚቆጥር ሰው ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም ያመፀው በግብሩ ብቻ አልነበረም። «ሊለኩን ነው፣ ርስታችንን ሊወስዱ ነው» የሚለው ፍርሃት ነበረበት።

እኔ አሁን የአያቴን ወንድም በስልኬ እየቀዳሁ ነው። ዕድሜያቸው ከ90 ያልፋል። ቁርሳቸውን ምን እንደበሉ ይረሳሉ፣ ሰባት ትውልድ ግን አንድ ሳያዛንፉ ይወርዳሉ። ችግሩ ጎረቤታቸው ሽማግሌም ይቆጥራሉ፣ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። አንደኛው ወንድ ልጅ ነው ይላሉ፣ ሌላኛው ሴት ናት ይላሉ። ሁለቱም ቆጠራ ደግሞ የየራሳቸውን ማሳ ነው የሚያወጣው! የትኛውን ልጻፍ?

—

ጡረተኛዋ መዝገብ ቤት፦

ሁለቱንም። አንተ ዳኛ አይደለህም፣ ጸሐፊ ነህ። «እገሌ እንዲህ አሉ፣ እገሌ እንዲህ አሉ» ብለህ ቀንና ቦታ ጻፍ። አንዱን መርጠህ ከጻፍክ ሌላው ሞቶ ነው የተቀበረው። ደግሞ ስትቀዳ መጀመሪያ ላይ ድምፅህን አሰማ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደሚናገር። ካሴት ያለ ስም ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሴት አያቶችን ጠይቀሃል? ሽማግሌ ሽማግሌ ትላለህ። በእናት በኩልም ይወረሳል እያልክ ነው።

—

የዳሞት ልጅ፦

እውነቱን ለመናገር አልጠየቅሁም። ተያዘልኝ።

—

ሲሶ አራሽ፦

ይህን ስም ለምን እንደመረጥኩ ታውቁታላችሁ። አያቴም አርሲ ነበር። ከአሰላ ብዙ አይርቅም። ለሳንዱቁ ልጅ ነው የምጽፈው፣ ሌሎቻችሁ ይቅርታ።

ወንድሜ፣ «ያልሰማሁት ሰው ይኖርበት እንደነበር ነው» ብለሃል። እኛ ደግሞ ስንሰማ ነው ያደግነው። አያቴ ካረሰው እኩል፣ ማለትም ግማሹን፣ ይሰጥ ነበር፣ ከዚያ ላይ አሥራትም፣ የበዓል ቅቤም፣ የአጥር ሥራም አለበት። ከ1960 ወዲያ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት እኛ አውራጃ ጭላሎ ሲገባ ማዳበሪያ መጣ፣ የተሻለ ዘር መጣ፣ ስዊድኖቹ ለገበሬው ብለው ነበር። ባለመሬቶቹ ግን በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣ ሲያዩ ጭሰኛውን ማስነሣት ጀመሩ። አያቴን አስነሡት። ሰባት ልጅ ይዞ የሚስቱ ወንድም ጋ ተጠጋ። አባቴ ትምህርት ያቆመው ያኔ ነው።

መሬት ላራሹ ሲባልና በ1967 ዘማች ተማሪዎቹ ሲመጡ አያቴ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተቀመጠው መጀመሪያ ረድፍ ላይ ነው ይላሉ። 20 ጋሻ ላይ አንድ ማኅበር ሲመሠረት ማኅተሙን ያየበትን ቀን ሲያወራ ይስቅ ነበር።

እና አጎትህ «አቃጥለው» ማለቱ አልገረመኝም። እኔ ግን እለምንሃለሁ፣ አታቃጥለው። እኛ ቤት አንድም ወረቀት የለም። አያቴ የጣት አሻራ እንጂ ፊርማ አልነበረውም። እዚያ አገር መኖሩን የሚያሳይ ጽሑፍ ካለ፣ ያለው እናንተ ሳንዱቅ ውስጥ ነው።

—

የሳንዱቁ ልጅ፦

ወንድሜ፣ ምን እንደምልህ አላውቅም። አንብቤው ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

ትናንት ማታ ደብተሩን በደንብ አየሁት። በየገጹ ስም አለ፣ አጠገቡ «እኩል» ወይም «ሲሶ»፣ ከዚያ ገብስና ስንዴ በዳውላና በቁና። የአያቴ እጅ ጽሑፍ ነው፣ አውቀዋለሁ። የኔን የክርስትና ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የጻፈበት ያው «ጠ» ፊደል ነው፣ እግሯ ረጅም የሆነች። 1961 እና 1962 ላይ አንዳንዱ ስም በቀይ ቀለም ተሰርዟል። አጠገቡ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ «ተነሥቷል»። ዘጠኝ ቆጠርኩ። ከሥሩ የታጠፈ ሌላ ወረቀት ነበር፣ የትራክተር ኪራይ የተከፈለበት። ቀኑ ያው 1962 ነው።

አያቴ ለኔ በጣም ጥሩ ሰው ነበር። ከረሜላ ኪሱ ውስጥ አይጠፋም። ይህንን የምጽፈው ለመከላከል አይደለም፣ ሁለቱንም እንዴት አንድ ላይ እንደምይዝ ስላላወቅሁ ነው።

የአያትህን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። እማማ እንዳሉት እዚህ አንጽፈው።

—

ከሜሪላንድ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ሌሊት ነው የምሠራው። የኔ ቤተሰብ ጎንደር ነው። የሳንዱቁን ልጅ ወሬ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እኛ ጋ ወረቀት ሳይኖር የመሬት ውል የሚጻፈው ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ነበር። ወንጌሉ ወይም ሌላው ብራና ላይ ባዶ ቦታ ከተገኘ እዚያ ላይ «እገሌ ለእገሊት ሪም መሬቱን በዚህ ያህል ወርቅ ሸጠ፣ ዋሱ እገሌ፣ እማኞቹ እነ እገሌ» ተብሎ ይሰፍራል። ሪም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተብሎ የሚያዝ መሬት ነው። ማንም ደፍሮ አይፍቀውም፣ ወንጌል ነዋ። እዚያ ውስጥ ሴቶች ሲገዙም ሲሸጡም በብዛት ታገኛላችሁ። እማማ ስለ ሴቶች ያነሡት ለዚህ ነው የጣመኝ።

የሚያስቀው ወይም የሚያሳዝነው፣ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ አወጧቸው። በ1860 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዘረፋውን 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ተሸከመው። ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል ብራናዎች አሉ። ስለዚህ የአንድ የጎንደር ሰፈር የመሬት መዝገብ ለንደን ነው ያለው ብል ማጋነን አይደለም።

ደግነቱ ደግሞ በ1966 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ብራና በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀምሮ ነበር። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚገኝ አንድ ገዳም ጋ አለ። አብዮቱ መሀል ላይ ሳይቋረጥ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ተነሥቷል። ካታሎጉን በመሥራት የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። የገዳሙ ዌብሳይት ላይ ተመዝግባችሁ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። እኔ ዲቁና ስለተማርኩ ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ የኅዳጉን ማስታወሻ እየገለበጥኩ እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሚስቴ «ይህንን ያህል ለፈተና ብታጠና ነርስ ትሆን ነበር» ትለኛለች።

ለማለት የፈለግሁት፣ ፎቶ ካነሣችሁ በኋላ ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ። የድሮ እጅ ጽሑፍ ለምጃለሁ። ቅዳሜና እሁድ።

—

ጡረተኛዋ መዝገብ ቤት፦

የሜሪላንዱ ልጄ፣ ይያዝልኝ። ከለመድኸው ብራና ይልቅ የወረዳ ጸሐፊ ጽሑፍ ይከብድሃል፣ አስቀድሜ ልንገርህ። ብራና ጸሐፊ አይቸኩልም። የኛዎቹ ከምሳ በፊት ለመጨረስ ነው የሚጽፉት።

—

የሳንዱቁ ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ጋ ሄድኩ። ሲሶ አራሽም መጣ። በአካል ስንገናኝ ሁለታችንም መጀመሪያ ስለ መንገዱ ነው ያወራነው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ሚኒባሱ። ከዚያ እማማ ሻይ ሰጡንና «አሁን ሥራ» አሉ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ደብተሩን ገጽ በገጽ አነሣን። አንዷ ልጅ ማስመሪያውን ትይዛለች፣ አንዱ ያነሣል፣ እኔ እገልጣለሁ፣ እሱ ይመዘግባል። የእጁ ጽሑፍ ከኔ ይሻላል።

የአያቱ ስም አለ። ችግሩ በዚያ ስም ሦስት ሰው አለ። አያቴ የአባት ስም አልጻፈም፣ ለምን ይጻፍ፣ እሱ ያውቃቸዋል። ከሦስቱ ሁለቱ በቀይ ተሰርዘዋል። ከአንዱ አጠገብ «ከወንዝ ማዶ ያለው» ይላል። ሲሶ አራሽ አባቱ ጋ ደወለ። አባቱ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኛ ከወንዙ የትኛው ወገን እንደነበርን ከማን ወገን ቆመህ ነው የምትለው?» አሉት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። አሁን አባቱን ይዞ ቦታው ላይ ሊሄድ ነው።

ፎቶው በሦስት ቦታ ተቀምጧል። አንዱ ቅጂ እሱ ጋ ነው። አጎቴ ሰምቶ ለሳምንት ስልኬን አላነሣም። ከዚያ ደውሎ ደረሰኞቹ ውስጥ የሱ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዳለ ጠየቀኝ። አለ፣ ላክሁለት።

—

ጡረተኛዋ መዝገብ ቤት፦

ፎቶዎቹን ዛሬ አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥሩ ነው። ደረሰኝ ቁጥር 27 ላይ ግን ከጀርባ የሚያሳልፍ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። የአያትህ እጅ አይመስለኝም። ጀርባውን አንሥታችኋል?

—

የሳንዱቁ ልጅ፦

ደረሰኞቹን በፊታቸው ብቻ ነው ያነሣናቸው። ቆይ ላውጣው።

እውነትዎን ነው። የአያቴ እጅ አይደለም፣ የሴት እጅ ይመስላል። «ጨው 2፣ ክብሪት፣ ለልጁ ጫማ» ይላል፣ ከዚያ ታች ሌላ መስመር አለ፣ ፈዟል። አያቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር እየተባልን ነው ያደግነው፣ ሴቷን አያቴን ማለቴ ነው። ነገ በቀን ብርሃን መስኮቱ ጋ ሁሉንም ጀርባ እንደገና አነሣለሁ።